ከወንበሩ ጀርባ የነበረው ብረት

ባለፈው ሳምንት ጥርሴን ልታይ ፊቲያ የሚባለው ሰፈር ሄድኩ። የኋላ መንጋጋዬ ሲነዘንዘኝ ከርሞ ነበር። የሐኪሙ ረዳት እዚሁ ስዊድን የተወለደች የሐበሻ ልጅ ናት። አማርኛዬን ሁሉንም ትሰማለች፣ መልሱን ግን በስዊድንኛ ነው የምትሰጠው። ከአንድ ረጅም ማሽን ፊት አቆመችኝና አገጬን ከትንሽ ላስቲክ ላይ እንዳሳርፍ አደረገችኝ። ከዚያ ሁለት ቀጫጭን ክንዶች ከግራና ከቀኝ መጥተው ጆሮ ግንዴን ያዙኝ። ሻሽ ለብሼም ቅዝቃዜያቸው ተሰማኝ።

“ስቶ ስቲላ” አለች። ባሉበት ይቁሙ፣ አይንቀሳቀሱ ማለቷ ነው።

ማሽኑ እያዛገመ በራሴ ዙሪያ ዞረ። እኔ አልተንቀሳቀስኩም። ሲያበቃ ልጅቷ ስክሪኑን አየችና ተገረመች።

“እንዲህ ጥርት ብሎ የወጣ አይቼ አላውቅም። ሰው ሁሉ ትንሽ ትንሽ ይነቃነቃል።”

“ለምጄው ነው፣ ልጄ” አልኳት።

የት እንደለመድኩት አልጠየቀችኝም። ሌላ ሰው ተራ ይጠብቅ ነበር። ወደ ኖርስቦሪ በሚሄደው ባቡር ውስጥ ተቀምጬ ግን እጄ ሳላዝዘው ወደ ማጅራቴ ሄደ። ሌላ ብረት፣ ሌላ ቅዝቃዜ ትዝ አለኝ። ለልጆቼ እንኳ በቅጡ ያልነገርኳቸው ነገር ነው። እስከዛሬ ያልነገርኳቸው ደብቄ አይደለም። ወሬ ስለማላበዛ ነው።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነበር። ዕድሜዬ ሃያ ሁለት። ከባለቤቴ ከዑመር ጋር ከወሎ ወጥተን፣ በሱዳን በኩል አድርገን ካይሮ ስንኖር ልጃችን ኢልያስ ተወለደ። የኔና የልጁ ወረቀት አልቆ ወደ ስዊድን ስንጠራ የዑመር ወደኋላ ቀረ። “ሂጂ፣ እኔ እደርስባችኋለሁ” አለኝ። ኢልያስ ያን ጊዜ ስምንት ወሩ ነበር። አባቱ አንገቱን ሳመውና ተለያየን።

በመጀመሪያው የበረዶ ወራት ልጄ ታመመ። የታመመው ሦስት ቀን ነው። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ። አላህ የሰጠኝን ወሰደ። ስለዚያ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አላለቀስኩም። የሀገር ሰው ሊያጽናናኝ መጥቶ “ጠንካራ ናት” እያለ ሄደ። ጠንካራ አልነበርኩም። ሐኪሙ ጥርስ ሊነቅል ሲል መርፌ ይወጋና ድዱ ይደነዝዝ የለ? ሰው ያን ጊዜ የገዛ ከንፈሩን ይነክሳል፣ ደም እስኪያይ ድረስ አያውቀውም። እኔን መላ አካሌን እንዲያ አደረገኝ። እሰግዳለሁ፣ እሠራለሁ፣ እተኛለሁ። ሶላቴን አላቋረጥኩም፣ ለዚያ አላህን አመሰግናለሁ። ምግብ ግን አፌ ውስጥ ወረቀት ሆነብኝ። ድንቹም ዓሣውም ዳቦውም አንድ ነበር። በረዶው ቀልጦ ቅጠል ሲወጣ፣ ቅጠሉ ቀልቶ ሲረግፍ፣ ሌላ በረዶ ሲወርድ በመስኮት አየሁ። ከመስኮቱ ማዶ የሆነ ነገር ነበር፣ ሁሉም።

ለዑመር አልነገርኩትም።

መርዶ በስልክ አይነገርም። በደብዳቤም አይላክም። ሰውን በማለዳ፣ ገና ከቤቱ ሳይወጣ፣ ሽማግሌና ጎረቤት ተሰብስቦ በሩን አንኳኩቶ ነው የሚያረዳው፤ ሲወድቅ የሚይዘው እጅ እንዲኖር። ዑመር ካይሮ ውስጥ ዘመድ አልነበረውም። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከስልክ ቤት ይደውላል። ከኋላው ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ሲንጫጩ ይሰማኛል። እዚያ መሐል ምን ብዬ ልንገረው?

“ኢልያስስ?” ይለኛል መጀመሪያ።

“ተኝቷል።”

“አሁንም? ይሄ ልጅ እንደ አያቱ እንቅልፋም ሆነ ማለት ነው” ብሎ ይስቅ ነበር።

እንዲህ እያልን አሥራ አራት ወር አለፈ። በኋላ በኋላ “ተኝቷል” ስለው መሳቁን ተወ።

ከቋንቋ ትምህርት ቤት ለሥራ ልምምድ የላኩኝ ሶደርማልም የሚባል ሰፈር፣ አንድ አሮጌ ሕንፃ አናት ላይ፣ ጣሪያው ግማሹ መስታወት የሆነ ክፍል ነበር። ባለቤቱ ቤርቲል የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ጡረታ የወጡ ፎቶ አንሺ ነበሩ። እዚህ ሀገር ሁሉም ሰው “አንተ” ነው የሚባለው። እኔም በአፌ እንደዚያ እላቸው ነበር፤ በልቤ ግን አንቱ እንዳልኳቸው ኖርኩ። ሥራዬ አቧራ መጥረግና የብርጭቆ ዕቃ ማጠብ ነበር። ክፍሉ በአሮጌ ካሜራዎች የተሞላ ነው፤ አንዳንዱ የሙሽራ ሳጥን ያህላል።

ቤርቲል በሦስት ሰዓት ገደማ ቡና አፍልተው “ፊካ!”፣ ቡና እንጠጣ፣ ብለው ይጣራሉ። አንድ ቡሌ፣ ያን የተጠቀለለ ጣፋጭ ዳቦ፣ በሰሐን አድርገው ያቀርቡልኛል። ስለሰጡኝ እበላለሁ። ያኔ ምን ምን እንደሚል ብትጠይቁኝ መመለስ አልችልም ነበር።

አንድ ቀን ጥግ ላይ የቆመ ብረት ስወለውል ምንነቱ አልገባኝም። ሦስት ጥፍር ያለው ከባድ እግር አለው። ከላዩ ረጅም ዘንግ፣ በዘንጉ ጫፍ ላይ እንደ ተከፈተ ጣት ሁለት የታጠፉ ብረቶች። ብሎን ሲጠብቅ ከፍ ዝቅ፣ ጠበብ ሰፋ ይላል። የልብስ መስቀያ መሰለኝ። ጠየቅኳቸው። እኔ መጠየቅ አላበዛምና ደስ አላቸው።

“ይሄ የራስ መያዣ ነው” አሉ። “ፎቶ ገና እንደተፈለሰፈ አንድ ሥዕል ለማውጣት ብዙ ጊዜ ይፈጃል። ግማሽ ደቂቃ፣ አንዳንዴም አንድ ደቂቃ። ሰው ከተነቃነቀ ፊቱ ይጠፋል። ስለዚህ ይሄን ፈጠሩ። ከኋላ ቆሞ ማጅራትሽን ይይዝሻል። ከፊት አይታይም።”

የደሴው ፎቶ ቤት ትዝ አለኝ። አንሺው በሁለት ጣቱ አገጫችንን ይዞ “ቀና! በቃ እንደዚያው!” ይለን ነበር። ያገሬ ሰዎች በፎቶ ላይ ሁሉም ኮስታራ ናቸው። ይህን ስነግራቸው ቤርቲል ሳቁ።

“እናንተ እንግዲህ ያለ ብረት ትችሉታላችሁ!” አሉና ደግሞ ዘንጉን እየደባበሱ ቀጠሉ። “ሰዎች ይሄን ሲያዩ የሬሳ ማቆሚያ ነው ይላሉ። ውሸት ነው። የሞተ ሰው ብረት ምን ያደርግለታል? አይነቃነቅም። ይሄ የተሠራው በሕይወት ላለ ሰው ነው። ዝም ብሎ መቀመጥ የሚያቅተው በሕይወት ያለው ነው።”

መወልወሌን ቀጠልኩ። ምንም አልተሰማኝም። ነገሩ ግን ከጆሮዬ አልወጣም።

በመጋቢት ቤርቲል ለትንሽ ኤግዚቢሽን መዘጋጀት ጀመሩ። በጥንቱ መንገድ፣ በቆርቆሮ ላይ የሚነሳ ፎቶ ለማሳየት ፈለጉ። ካሜራውን ሲያስተካክሉ እኔን ከወንበሩ ላይ አስቀመጡኝ። ጨርቅ ተከናንበው ከካሜራው ጀርባ ብዙ ቆዩ። ሲወጡ ትኩር ብለው አዩኝ።

“አንቺ ምንም አትነቃነቂም” አሉ። “ብረቱ ላንቺ አያስፈልግሽም ይሆናል።” ምን እንዳሰቡ እንጃ፣ ፊታቸው ከበድ አለ። ወዲያው “የድሮ ፎቶ አንሺዎች በጣም የሚፈሩት እናትና ሕፃን ማንሳት ነበር። ሕፃን የሚያውስሽ ሰው ታውቂያለሽ?” ብለው ጠየቁኝ።

ስለ ኢልያስ አያውቁም ነበር።

በዚያው ሳምንት የዑመር ደብዳቤ መጣ። ኤምባሲው ለቃለ መጠይቅ ጠርቶታል። ሁለት ወር እንኳ አልቀረውም። የቤተሰብ ፎቶ ይዘህ ና ተብሏል። “አንቺና ኢልያስ ሆናችሁ የተነሳችሁትን ቶሎ ላኪልኝ” ይላል። “ለኤምባሲው ብቻ አይደለም። መልኩ ጠፋብኝ፣ ዘሀራ። ፊቱን ሳስበው አይመጣልኝም።”

ደብዳቤውን ይዤ ወደ ሐዋ ወረድኩ። ሐዋ ከኔ በታች ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። የኮምቦልቻ ልጅ፣ በአምስት ዓመት የምትበልጠኝ፣ ሳቋ ደረጃ ለደረጃ የሚሰማ ሴት ናት። ዩሱፍ የሚባል ልጅ አላት፣ ከኢልያስ በሦስት ወር የሚበልጥ። አንብቤላት ስጨርስ ሽንኩርቷን ትታ ተቀመጠች።

“የኔን ልጅ ይዘሽ ተነሽ” አለችኝ።

“ምን?”

“ዩሱፍን። ሁለት ዓመት ተኩል የሆነ ወንድ ልጅ ነው፣ በቃ። ሰውየው እስኪመጣ ነው እንጂ ዕድሜ ልክ አይደለም። እዚህ ሲደርስ ሰው ሰብስበን፣ በወጉ እናረዳዋለን። ብቻውን ከሚሞትብሽ አይሻልም?”

“ያንቺን ግንባር ነው ያወጣው። ያስታውቃል።”

“ምነው፣ ግንባሬ ምን ሆነ?” ብላ እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። ደግሞ ዝቅ ብላ “አንቺ አይደለሽም እንዴ ሽማግሌው ጋ ባሉት የድሮ ፎቶዎች ላይ የሕፃናቱ ፊት ሁሉ ደብዛዛ ነው ያልሽኝ? በዚያ ተነሽዋ፣ የኔ ዓለም። ፊቱ አይለይም።”

ክፉ አልነበረችም። አንድ ሰው በባዕድ ሀገር ብቻውን መርዶ እንዳይሰማ ልጇን እያዋሰችኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ይከብደኛል። ያን ቀን ግን እሺ አልኩ። እሺ ማለት ቀላል ነበር። ያን ሰሞን ለሁሉም ነገር እሺ እል ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስታችን በቱነልባና፣ በምድር ሥሩ ባቡር፣ ሄድን። በረዶው ሲቀልጥ በየመንገዱ የቀረው ጠጠር ከጫማ ሥር ይንኮሻኮሻል። ዩሱፍ በየመንገዱ ኩሬ ውስጥ ካልገባሁ እያለ እናቱን አታከታት። ስንደርስ ቤርቲል በጣም ተደሰቱ። ለሐዋም ለልጁም ቡሌ ሰጡ። ልጁ ስኳሩን ብቻ ላሰው።

ወንበሩን ከመስታወቱ ሥር አደረጉና አስቀመጡኝ። ብረቱን ከወንበሩ ጀርባ አቆሙት። የወንድ እጅ እንደማልጨብጥ ቀድሞ ገብቷቸው ነበር፤ ማጥበቂያውን ለሐዋ አሳዩዋትና “አንቺ አስተካክይላት” ብለው ራቅ ብለው ቆሙ።

“ኧረ እንዳላንቃት!” አለች ሐዋ በአማርኛ። “ዘሀርዬ፣ ይሄ ነገር እኮ የበግ ማሰሪያ ነው የሚመስለው። ጠበቀ?”

“ደህና ነው።”

ሁለቱ ጣቶች ከጆሮዬ ኋላ በሻሼ ላይ አረፉ። ቀዘቀዙኝ። ቀጥሎ ያስተዋልኩት ነገር ደነቀኝ፤ ራሴ ከባድ ነበር። አሥራ አራት ወር ሙሉ የተሸከምኩትን ራስ ብረቱ ሲቀበለኝ ነው ክብደቱን ያወቅኩት። ሐዋ ዩሱፍን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው። ቀኝ ክንዴን ዙሪያውን አሳለፍኩ። ልጁ ከብዶኝም ሞቆኝም ነበር። ጸጉሩ የሳሙና ሽታ አለው።

ቤርቲል ከጨለማው ክፍል እርጥቡን ቆርቆሮ በሳጥን አድርገው እየሮጡ መጡ። እንደ ኤተር የሚሸት ነገር አብሯቸው ገባ። “ሠላሳ እቆጥራለሁ” አሉ። የካሜራውን ክዳን አነሱ። “ኤት። ትቮ። ትሬ።”

አራት ሲሉ የመስታወቱ ጣሪያ ላይ ርግብ አረፈች። ዩሱፍ ቀና አለ። አምስት ሲሉ ከጉልበቴ ሸርተት ብሎ ወረደ። ሐዋ ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ቤርቲል በግራ እጃቸው ተዪው አሏትና መቁጠራቸውን ቀጠሉ። ቆርቆሮው አንዴ ብርሃን ካየ አይመለስም። ልጁ “ፎገል! ፎገል!” እያለ፣ ወፍ ወፍ እያለ፣ ከካሜራው ፊት ወጥቶ ሮጠ።

እኔ አልተነሳሁም። ክንዴም እንደነበረ ቀረ። ለምን እንዳላወረድኩት አላውቅም። ማንም አታውርጂው አላለኝም። ራሴ ተይዟል፣ ዓይኔ ከአንድ ቦታ አይነሳም፣ ቤርቲል ይቆጥራሉ። የማደርገው ሥራ አልነበረም። ሳህን የለ፣ መጥረጊያ የለ፣ የምሳፈርበት ባቡር የለ። ከዚያ ቀን በፊት አንድም ጊዜ እንዲያ ባዶ ሆኜ አልተቀመጥኩም።

ያን ጊዜ ዑመር ታየኝ። ጥሩውን ሸሚዙን ለብሶ ኤምባሲው ውስጥ ከመስታወት ፊት ቆሟል። የሐዋን ልጅ ፎቶ በመስታወቱ ሥር ያሳልፋል። “ሚስቴና ልጄ ናቸው” ይላል። ከመስታወቱ ወዲያ ያለው ሰው መዝገቡን ይከፍታል። እዚህ ሀገር መዝገብ ሁሉን ያውቃል። የኢልያስ ስም ከኔ ሥር ከተሰረዘ ዓመት አልፎታል። ሰውየው ፎቶውን ያያል፣ ወረቀቱን ያያል። ክፋት ሳይኖርበት፣ የእውነት ግራ ገብቶት፣ “ይሄ ልጅ ሞቷል ነው እኮ የሚለው” ይለዋል። ዑመር ከኋላው ተራ የሚጠብቅ ሰው ቆሞ ይሰማዋል።

ሠላሳ ሲሉ ክዳኑን መለሱ።

ቤርቲል ጨለማው ክፍል ውስጥ በቀዩ መብራት ፈሳሽ አፈሰሱበት። ለማየት ገባሁ። በመጀመሪያ ቆርቆሮው ላይ ሰማያዊ ጭጋግ ነበር። ሌላ ፈሳሽ ውስጥ ሲነከር ጭጋጉ እየተገፈፈ ሄደና እኔ ወጣሁ። ቅንድቤ ሳይቀር አንድ በአንድ ይቆጠራል። የሻሼ እጥፋት፣ የአንገቴ ጅማት። ጉልበቴ ላይ ግን ማንም የለም። ደረቴ አጠገብ ብቻ፣ በብርድ ቀን ከአፍ እንደሚወጣ ትንፋሽ ያለ ስስ ነጭ ነገር አለ። ክንዴ ዙሪያውን ይዞታል።

“አይ! ሸሸን!” አሉ ቤርቲል። “አይዞሽ፣ እንደገና እናነሳለን። ሌላ ቆርቆሮ አለኝ።”

“አይ” አልኩ። “ይሄ ይሁን።”

“ልጁ እኮ አልወጣም።”

“ልጄ አይደለም። የሷ ልጅ ነው። የኔ ልጅ ሞቷል።”

በስዊድንኛ ነው ያልኩት። ቋንቋው ገና የኔ አልነበረም፤ እንደ ሰው ዕቃ አንስቼ አስቀመጥኩት። ግን አልኩት። በአማርኛ ለአንድ ሰው እንኳ፣ ለሐዋም ቢሆን፣ በገዛ አፌ ብዬው አላውቅም ነበር።

ቤርቲል ቆርቆሮውን በውሃ አጠቡት። ከሚያስፈልገው በላይ ረጅም ጊዜ ያጠቡት መሰለኝ። ከዚያ በትንሽ እሳት አሙቀው የላቬንደር ዘይት ያለበት ቫርኒሽ አፈሰሱበት። ክፍሉን የአበባ ሽታ ሞላው። ሲደርቅ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ።

“ለኤግዚቢሽኑ ሌላ አገኛለሁ” አሉ። አላህ ውለታቸውን ይክፈላቸው።

በባቡሩ ላይ ሐዋ ጨርቁን ገልጣ አየች። ዩሱፍ ጭኗ ላይ ተኝቷል።

“ይሄን ልትልኪለት ነው?” አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “ሰውየውን ብቻውን ልትገይው ነው ወይ፣ ዘሀራ?”

“ለሱ አልልክም። ለሼህ ኢድሪስ ነው የምልከው።”

ሼህ ኢድሪስ ዑመር ካይሮ የተከራየበት ቤት ባለቤት ናቸው። የቦረና ወሎ ሰው፣ በየደብዳቤው “ጁምዓን ያሰገዱን ሼህ” እያለ የሚያነሳቸው። አይቻቸው አላውቅም። ከዚያ በፊት ልጽፍላቸው ሦስት አራት ጊዜ ተነስቼ ነበር። ሰላምታውን እጽፋለሁ፣ ጤናቸውን እጠይቃለሁ፣ ከዚያ እጄ ይቆማል። ያችን ቃል እጄ አልጽፍ አለኝ። አሁን ቃሉ አላስፈለገኝም።

ሐዋ መስኮቱን እያየች አለቀሰች። ልጇን ስላዋሰችኝ ያፈረች መሰለኝ። እጇን ያዝኩት። እኔ አላለቀስኩም።

ቆርቆሮውን በሁለት ካርቶን መሐል አድርገን በክር አሰርነው። ወረቀቱ ላይ ከሰላምታ በኋላ የጻፍኩት አንድ መስመር ነው። “ይህን አደራ ለዑመር ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ከቤት ሳይወጣ፣ ሰው ባለበት ይስጡልኝ።”

የወሎ ሽማግሌ ይህን አንብቦ ምን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልገውም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ቅዳሜ ስልክ አልተደወለም። የኤምባሲው ቀን እየቀረበ ነበር። ሥራ እሄዳለሁ፣ እመጣለሁ። ፖስታው ጠፍቶ ይሆን፣ ሼሁ ቤት ለቀው ይሆን እላለሁ። ፍርሃቱንም ከሩቅ ነበር የማየው፤ የሌላ ሰው ፍርሃት ይመስል። በሱጁድ ላይ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ያ ረቢ፣ መጀመሪያ የሰው እጅ ያግኘው።

በሦስተኛው ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ስልኩ ጮኸ።

“ዘሀራ” አለ።

ጠበቅኩ። “ኢልያስስ?” አላለም። ያን ጊዜ አወቅኩ።

“ደረሰ?” አልኩት።

“ደረሰ።”

“ሰው ነበር?”

“ሞልቶ ነበር። ሼሁ ሰፈሩን ሁሉ ይዘው ነው የገቡት። ሦስት ቀን አብረውኝ አደሩ።” ትንፋሹ ይሰማኛል። ከኋላው ያሉት ሰዎች ዛሬ አይንጫጩም፤ ወይም እኔ አልሰማኋቸውም። “ጠርጥሬ ነበር። ድምፁን አንድ ቀን አልሰማሁም። ግን መጠየቅ ፈራሁ። ጥፋቱ የኔም ነው።”

“አልቻልኩም ነበር” አልኩት።

“አውቃለሁ።”  ከዚያ “ሥዕሉን አየሁት” አለኝ። “ክንድሽ አልደከመሽም?”

 ስልኩን በቀኝ እጄ ነበር የያዝኩት፤ ወደ ግራ አዛወርኩት። ቀኝ ክንዴ ከትከሻዬ ጀምሮ ያመኝ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደሚያመኝ አላውቅም።

ሰኞ ሥራ ገባሁ። ቤርቲል ፊካ ብለው ተጣሩ። ቡሌውን ቆርሼ አፌ ውስጥ አደረግኩት። ኮረሪማ! እንደ ኮረሪማ ይላል። ስዊድኖች ሊጡ ውስጥ የኮረሪማ ዘመድ የሆነ ቅመም እንደሚጨምሩ ሁሉም ሰው ያውቃል። እኔ ወራት ሙሉ በየቀኑ በልቼው አላወቅኩም ነበር። አንዱን ጨርሼ ሳህኑን አየሁት።

“ሌላ ይኖራል?” አልኳቸው።

ቤርቲል የቡሌውን ሳጥን እንዳለ አመጡልኝ። እሳቸው ካሜራቸውን ሲወለውሉ እኔ እየበላሁ አለቀስኩ፤ ብዙም አይደለም፣ ትንሽ።

ዑመር የኤምባሲው ቀን ሲደርስ አውቆ ነው የገባው። ሲጠይቁት ራሱ ተናገረ። በመከር መጣ። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ቆርቆሮው በኮቱ የውስጥ ኪስ ነበር። በመጀመሪያው ጁምዓ ከሱብሒ በኋላ ወደ ልጃችን መቃብር ሄድን። ከዚያ በኋላ አላህ ሦስት ልጆች ሰጠን። አልሐምዱ ሊላህ። ይህን ቃል በዕድሜዬ ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁ፤ በደነዘዝኩበት ዘመንም በየሶላቱ ብዬዋለሁ። ያን ጊዜ ምላሴ ብቻ ነበር የሚለው። ግን አለማቋረጤ ጠቀመኝ መሰለኝ።

ከጥርስ ሐኪሙ እንደተመለስኩ ቆርቆሮውን ከመሳቢያ አወጣሁት። የልጅ ልጄ ሐናን ትምህርት ቤት ጨርሳ እኛ ጋ ነበረች። ዑመር ሶፋው ላይ ጋዜጣ ያነባል። ልጅቷ ሥዕሉን ከእጄ ወስዳ ወደ ብርሃኑ አቀረበችው። በስዊድንኛ ነው የምታወራው፣ እኔ በአማርኛ እመልሳለሁ።

“አያቴ፣ ይሄ አንቺ ነሽ? ምነው እንዲህ ተቆጣሽ?”

“አልተቆጣሁም። እንዳልነቃነቅ ነው።”

“ይሄ ነጭስ?”

“አጎትሽ ቢኖር የሚቀመጥበት ቦታ ነው” አላት ዑመር ጋዜጣውን ሳያወርድ።

ሐናን ትንሽ አሰበች። ልጅ ናትና ወዲያው ሌላ ነገር አየች። ጣቷን ከታች፣ ወንበሩ ላይ አሳረፈች።

“ይሄ ወንበር አምስት እግር አለው!”

መነጽሬን አድርጌ አየሁ። እውነቷን ነው። በአራቱ የእንጨት እግሮች መሐል፣ ከኋላ በኩል፣ ሦስት ጥፍር ያለው የብረት እግር ይታያል። ቤርቲል ከፊት አይታይም ብለውኝ ነበር። እኔም ሃያ ስንት ዓመት ሙሉ ስመለከተው ዓይኔ ከክንዴ ስለማይነሳ አላየሁትም።

“ምንድን ነው እሱ?” አለችኝ።

ሐዋን አሰብኳት፣ ልጇን ያዋሰችኝን። አይቻቸው የማላውቃቸውን ሼህ ኢድሪስን። ሳጥኑን እንዳለ ያመጡልኝን ሽማግሌ። በየቀኑ አምስት ጊዜ የተቀበለኝን መሬት።

“እሱ” አልኳት፣ “ከኋላ ሆኖ ይዞኝ የነበረው ነው።”